ሰርቭ ከመቱ በኋላ የት መቆም ይገባል?

ሁለት ሰዎች ባድሚንተን ሲጫወቱ ተመልከቱ። አንደኛው ብዙም ሳይሮጥ፣ ሳያለከልክ ይጫወታል። ሌላው ከዳር እዳር ሲባዝን ይቆያል። ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ይሸነፋል። ሰው ይህን ሲያይ «ያኛው ጉልበት አለው፤ ይኸኛው የለውም» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ልዩነቱ የጉልበት ሳይሆን የቦታ ነው። አንደኛው መቆም በሚገባው ቦታ ይቆማል። ሌላው ግን የትም ይቆማል።

ሸሕዲና አካባቢዋ ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። እንዲህ ባለ አገር በከንቱ የሚሮጥ ሰው ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ ቦታን ማወቅ ለቆላ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጠቅመዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የመጀመሪያውን ምት ከመታን በኋላ የት መቆም እንዳለብን፣ ለምንስ እዚያ እንደምንቆም ነው። በቅድሚያ ግን ጨዋታውንና ሜዳውን እንወቅ።

1. ጨዋታውና መሣሪያው

ባድሚንተን በመረብ ማዶና ማዶ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነው አራት ሰዎች ሊጫወቱት ይችላሉ። አንድ ለአንድም ይጫወቱታል። እኛ የምንናገረው ስለ አንድ ለአንድ ጨዋታ ነው።

መምቻው ራኬት ይባላል። ራኬት እጀታ አለው፤ ፊቱ በክር የተወጠረ ነው። ርዝመቱ ከ68 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የሚመታው ነገር ደግሞ ሸትል ይባላል። ሸትል እንደ እግር ኳስ ክብ አይደለም። ራሱ ቡሽ ነው፤ በቡሹ ላይ 16 ላባዎች ዙሪያውን ተሰክተዋል። ክብደቱ 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ላባው ከዝይ ወይም ከዳክዬ ክንፍ ይገኛል። ከፕላስቲክ የሚሠራ ሸትልም አለ። ፕላስቲኩ ቶሎ ስለማይበላሽ ለጀማሪ ይስማማዋል።

ሸትል ሲመታ ቡሹ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ላባው ይከተላል። ከራኬቱ ሲወጣ እጅግ ፈጣን ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድ የሕንድ ተጫዋች ለመለኪያ የመታው ሸትል በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተመዝግቦለታል። ነገር ግን ላባው አየሩን ስለሚይዘው ፍጥነቱ ወዲያው ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ከሩቅ የመጣን ምት ቦታ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሊደርስበት ይችላል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ላባ የተሰካበትን ነገር እየመቱ መጫወት በብዙ አገር የኖረ ነው። የአሁኑ ባድሚንተን ግን ሕንድ አገር የነበሩ እንግሊዞች ፑና በምትባል ከተማ ይጫወቱት ከነበረው ጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ የተወሰደው በእንግሊዝ አገር ካለ የአንድ መስፍን ቤት ነው። የጨዋታው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1926 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ ሜዳልያ የሚያሰጥ ጨዋታ ሆነ። በአገራችንም ባድሚንተን የሚጫወቱ አሉ፤ አዲስ አበባም ዓለም አቀፍ ውድድር አስተናግዳለች።

2. ሜዳውን ለክቶ መሥራት

ለአንድ ለአንድ ጨዋታ የሜዳው ርዝመት 13 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 5 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ነው። መረቡ ሜዳውን ለሁለት እኩል ይከፍለዋል። እንግዲህ አንድ ተጫዋች የሚጠብቀው ግማሽ ሜዳ 6 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው። መረቡ በምሰሶዎቹ ዘንድ ከመሬት 1 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

ከመረቡ 1 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር ርቆ አንድ አግድም መስመር አለ። ይህ አጭሩ መስመር ይባል። ከአጭሩ መስመር እስከ ኋላው መስመር ድረስ ደግሞ አንድ የመሐል መስመር ይሰመራል። የመሐሉ መስመር ግማሹን ሜዳ ቀኝና ግራ ብሎ ይከፍለዋል። በመረቡ ማዶም እንዲሁ ይደረጋል።

ሜዳውን ለመሥራት አራት ካስማ፣ ረጅም ገመድና ሜትር ይበቃል። በመጀመሪያ አራቱን ማዕዘን በካስማ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ሜዳው አልተንጋደደም። እያንዳንዱ ሰያፍ 14 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ቁጥር የተማረ ሰው ይህን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። መስመሩን በአመድ ወይም በኖራ ማስመር ይቻላል። መረብ ከሌለ ገመድ ወጥሮ ጨርቅ ማንጠልጠል ለልምምድ ይበቃል።

ቦታ ስትመርጡ መሬቱን እዩ። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ እግር ወለም ይላል፤ ይባስም ሲል ይሰበራል። የሰሊጥ አጨዳ ቀን አይሰጥም፤ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። በጨዋታ እግሩን የተጎዳ ገበሬ ያን ጊዜ ይቸገራል። ስለዚህ እንደ አውድማ የተደለደለና የተጠቀጠቀ ቦታ ምረጡ። ስንጥቁንም ድፈኑ፤ ድንጋዩንም ልቀሙ።

3. ሰርቭ ምንድን ነው? ከየትስ ይመታል?

ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት ሰርቭ ይባላል። ሰርቭ የሚመታው በሰያፍ ነው። በቀኝ በኩል የቆመ ሰው በሰያፍ ማዶ ወዳለው ክፍል ይመታል። በግራ የቆመም እንዲሁ በሰያፍ ይመታል። የሰርቩ ሸትል ከአጭሩ መስመር በፊት መውደቅ የለበትም። ከኋላውና ከጎኑ መስመርም መውጣት የለበትም።

ሰርቭ ሲመታ ሁለቱም እግሮች መሬት ይዘው መቆም አለባቸው። መስመርም መርገጥ አይፈቀድም። በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው ደንብ ሸትሉ ሲመታ ከመሬት ከ1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች መሆን አለበት። ሰርቭ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ምት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሸትሉ ከተመታ በኋላ ግን መቺው ወደፈለገው መንቀሳቀስ ይችላል።

ከቀኝ ወይስ ከግራ እንደሚመታ የሚያሳየው ነጥቡ ነው። መቺው ያለው ነጥብ ጥንድ ቁጥር ከሆነ፣ ማለት 0፣ 2፣ 4፣ 6 ከሆነ፣ ከቀኝ ይመታል። ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፣ ማለት 1፣ 3፣ 5፣ 7 ከሆነ፣ ከግራ ይመታል። ለምሳሌ መቺው 7፣ ተጋጣሚው 4 ነጥብ ቢኖራቸው መቺው ከግራ ይመታል። የሚታየው የመቺው ነጥብ እንጂ የተጋጣሚው አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በጸደቀው አቆጣጠር አንድ ዙር እስከ 21 ነጥብ ይሄዳል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ አሸናፊ ይሆናል። በሠፈር ስትጫወቱ ግን ተስማምታችሁ እስከ 11 ወይም እስከ 15 ብትቆጥሩ የሚከለክላችሁ የለም።

4. ሰርቭ መምታት የሥራው ግማሽ ነው

ብዙ ጀማሪ ሰርቭ ከመታ በኋላ ቆሞ ሸትሉን ይመለከታል። «የት ወደቀች? ጥሩ መታሁ?» እያለ ዓይኑ ይከተላታል። በዚህ መሐል ተጋጣሚው ይመታና ሸትሉ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ጀማሪው የተሸነፈው ሰርቩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከሰርቩ በኋላ ቦታውን ስላልያዘ ነው።

ነገሩን በማሽላ ጥበቃ እንየው። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ ይመጣል። ጠባቂው ማማ ይሠራል። ማማውን የት ይተክላል? በማሳው ጥግ አይተክለውም። ጥግ ላይ ቢተክለው ወንጭፉ ማዶ አይደርስም። ወደ ሁሉም ዳር የሚደርስበትን ቦታ ይመርጣል። አንድ ድንጋይ ከወነጨፈም በኋላ ድንጋዩ የት እንደወደቀ ሲያይ አይቆይም። ሌላ ድንጋይ ያዘጋጃል፤ ዙሪያውን ይቃኛል። ምክንያቱም መንጋው በሌላ በኩል ሊገባ ይችላል። ግሪሳው በወንዙ ዳር ዛፍ ላይ ማረፉን ካወቀም ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ይሁን እንጂ ሌላውን ዳር ጨርሶ አይተወውም።

የባድሚንተን ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ግማሹ ሜዳ ማሳው ነው። ራኬቱ ወንጭፉ ነው። አራቱ ማዕዘናት የሚጠበቁት ዳሮች ናቸው። ሰርቩን ከመታ በኋላ ወደ አራቱም ማዕዘን ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ መያዝ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ያን ቦታ መቆሚያ እንለዋለን።

ታዲያ መቆሚያው የሜዳው ልክ መሐል ነውን? ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ነገር ግን ልክ አይደለም። መቆሚያው የሜዳው መሐል ሳይሆን ተጋጣሚው ሊመታባቸው የሚችሉት ቦታዎች መሐል ነው። ተጋጣሚው የቆመበት ቦታ ሲለወጥ የእኛም መቆሚያ ይለወጣል። ተጋጣሚውን ወደ አንድ ቦታ የሚያስሄደው ደግሞ የእኛ ሰርቭ ነው። እንግዲህ ሰርቭ የሚመታ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይወስናል። ሸትሉን ወዴት እንደሚልክና ራሱ የት እንደሚቆም ነው።

ይህን በገመድ ማየት ይቻላል። ተጋጣሚው በሚመታበት ቦታ አንድ ካስማ ትከሉ። ከካስማው ሁለት ገመድ አውጡ። አንዱን ገመድ ወደ እናንተ የኋላ ቀኝ ማዕዘን፣ ሌላውን ወደ የኋላ ግራ ማዕዘን ወጥሩ። ተጋጣሚው ወደ ኋላ የሚመታው ምት በእነዚህ በሁለቱ ገመዶች መካከል ያልፋል። የእናንተ መቆሚያ ከሁለቱ ገመዶች እኩል የራቀው ቦታ ነው። ካስማውን ወደ አንድ ጎን ብታዛውሩት ገመዶቹም ይዛወራሉ፤ መቆሚያውም ከመሐሉ መስመር ወደዚያው ጎን ፈቀቅ ይላል።

5. ረጅም ሰርቭ ከመታችሁ

ረጅም ሰርቭ ማለት ከፍ ብሎ ሄዶ በተጋጣሚው የኋላ መስመር አጠገብ የሚወድቅ ነው። ይህ ሰርቭ ተጋጣሚውን ከመረቡ ያርቀዋል። ከዚያ ርቀት ሲመታ ሸትሉ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለእኛ ጊዜ ይሰጠናል። ነገር ግን ከዚያ ሆኖ ሦስት ዓይነት ምት መምታት ይችላል። ከላይ ወደ ታች በኃይል ሊመታ ይችላል። ከፍ አድርጎ ወደ ኋላችን ሊልከው ይችላል። አለዝቦ ከመረቡ ሥር ሊጥለውም ይችላል።

ለሦስቱም ለመዘጋጀት ሰርቩን ከመታችሁ በኋላ ወደ መሐሉ መስመር ግቡ። አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። መቆሚያችሁ ከመረቡ ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ያህል ይርቃል። ሸትሉ ከፍ ብሎ ስለሚበር ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አለ። መሮጥ አያስፈልግም፤ መራመድ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ጎኑን እንመልከት። ከቀኝ በኩል ሰርቭ ስትመቱ ሸትሉ በሰያፍ ወደ ግራችሁ ይሄዳል። ተጋጣሚው በግራችሁ ማዶ፣ በኋላው ማዕዘን ቆሞ ይመታል ማለት ነው። ከዚያ በቀጥታ ቢመታው ሸትሉ በግራ መስመራችሁ ይመጣል። በሰያፍ ቢመታው ወደ ቀኛችሁ ይሄዳል። ቀጥተኛው መንገድ ከኋላ መስመር እስከ ኋላ መስመር 13 ሜትር ከ40 ነው። ሰያፉ ግን 14 ሜትር ከ37 ያህል ነው። የሰያፉ ምት አንድ ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጥተኛው ምት ቶሎ ይደርሳል፤ የሰያፉ ይዘገያል። ቀድሞ ለሚደርሰው ቀረብ ብሎ መቆም ብልኅነት ነው። ከመሐሉ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ በሉ። ከግራ ሰርቭ ስትመቱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ትላላችሁ።

ግማሽ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከመሐሉ መስመር እስከ ጎኑ መስመር ያለው 2 ሜትር ከ59 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ረጅም እርምጃ፣ የተዘረጋ ክንድና የራኬቱ ርዝመት ሲደመሩ ዳር ይደርሳሉ። ግማሽ ሜትሯ የአንድ እርምጃን ድካም ታድናለች። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትደጋገም ስታስቡት ትንሽ አይደለችም።

6. አጭር ሰርቭ ከመታችሁ

አጭር ሰርቭ ከመረቡ ጥቂት ከፍ ብሎ አልፎ ከአጭሩ መስመር ትንሽ ዘልቆ የሚወድቅ ነው። ይህ ሰርቭ በደንብ ከተመታ ተጋጣሚው ከላይ ወደ ታች በኃይል ሊመታው አይችልም። ሸትሉ ከመረቡ በታች ስለሚገኝ ወደ ላይ ማንሳት ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ተጋጣሚው ቅርብ ስለሆነ ምላሹ ቶሎ ይመጣል። ለእኛ የሚኖረን ጊዜ አጭር ነው።

ስለዚህ ከአጭር ሰርቭ በኋላ ወደ ኋላ መሸሽ አይገባም። ወደ ኋላ ብትሸሹ ተጋጣሚው ሸትሉን መልሶ ከመረቡ ሥር ይጥልባችኋል። መቆሚያችሁ ከአጭሩ መስመር አንድ ረጅም እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ነው። ከመረቡ 3 ሜትር ያህል ማለት ነው። ሰርቩን ስትመቱም የምትቆሙት በዚያው አካባቢ ስለሆነ ብዙ አትንቀሳቀሱም። ራኬታችሁን ወዲያው ከፍ አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያዙ። መረቡን ጠብቁ። ተጋጣሚው ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ከላከው ግን ሸትሉ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ትደርሱበታላችሁ።

አጭር ሰርቭ ወደ መሐሉ መስመር ቢጠጋ ይሻላል ወይስ ወደ ጎኑ መስመር? ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ወደ መሐሉ ስትመቱ ተጋጣሚው ወደ ሁለቱም ጎናችሁ የሚያገኘው መንገድ እኩል ይሆናል። በመሐሉ መስመር ላይ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። ለጀማሪ ይህ ይቀላል። ወደ ጎኑ ስትመቱ ተጋጣሚውን ከቦታው ታስወጡታላችሁ። በዚያው ልክ ግን በዚያ ጎን ቀጥተኛው መንገድ ይከፈትለታል። ስለዚህ ወደዚያ ጎን ከግማሽ እስከ አንድ እርምጃ ፈቀቅ በሉ።

7. ሰርቩ ቢበላሽስ?

ሰርቭ ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይሆንም። ረጅም እንዲሆን የመታነው መሐል ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ተጋጣሚው ከቅርብ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይመታናል። ይህን ወዲያው ካወቃችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ጉልበታችሁን በደንብ እጠፉ፤ ራኬታችሁንም ዝቅ አድርጉ። አጭሩ ሰርቭ ከመረቡ በላይ ብዙ ከፍ ካለም ተጋጣሚው በኃይል ይመታዋል። ያን ጊዜም ራኬቱን ከፊት አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ መጠበቅ ነው። በተበላሸ ሰርቭ መናደድ ጊዜ ያባክናል። መናደዱን ነጥቡ ካለቀ በኋላ ማድረስ ይቻላል።

8. አቋቋም

ቦታውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በቦታው ላይ እንዴት መቆም እንዳለብን ማወቅም ያስፈልጋል።

እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ። ጉልበታችሁን ጥቂት እጠፉ። ተረከዛችሁን ቀለል አድርጋችሁ ክብደታችሁን ወደ እግር ጣቶቻችሁ አሳልፉ። ራኬቱን ከደረታችሁ ፊት ያዙ። ዓይናችሁ ከተጋጣሚው ራኬት አይንቀል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይኸ ነው። ተጋጣሚው በሚመታበት ቅጽበት በእንቅስቃሴ ላይ አትሁኑ። ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው ድንገት ወደ ፊት መመለስ አይችልም። ወደ መቆሚያችሁ ሳትደርሱ ተጋጣሚው ሊመታ ከሆነ ባላችሁበት ቁሙ። ከመቆሚያው አንድ እርምጃ ጎድሎ ተዘጋጅቶ መቆም፣ መቆሚያው ላይ እየሮጡ ከመድረስ ይሻላል። ተጋጣሚው ሲመታ በሁለት እግር ትንሽ ነጠር በሉ። ይህች ትንሽ ንጥረት እግሩን ታነቃለች፤ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ ለመነሳት ታግዛለች።

በፓሪስ ኦሎምፒክ በ2016 ዓ.ም. በወንዶች አንድ ለአንድ የዴንማርኩ ቪክቶር አክሰልሰን፣ በሴቶች የደቡብ ኮሪያዋ አን ሴ-ዮንግ የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ። እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች ሲጫወቱ ያየ ሰው ሸትሉን ብቻ ሳይሆን እግራቸውን ይመልከት። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ተጋጣሚያቸው ሲመታም ነጠር ይላሉ። ታላላቆቹም ቢሆኑ ይህን ሳያደርጉ አይጫወቱም።

9. በቆላ ሙቀትና በነፋስ

ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይሳሳል። በሳሳ አየር ሸትል ርቆ ይሄዳል። ከፍ ባለ ቦታም አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያም ሸትል ይርቃል። ሸሕዲ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ ግን ሙቀቱ ብርቱ ነው። ስለዚህ በሙቀት ሰዓት የተመታ ረጅም ሰርቭ ከኋላው መስመር ሊወጣ ይችላል።

የፕላስቲክ ሸትል ስትገዙ በቡሹ ላይ ያለውን የቀለም ቀለበት እዩ። አረንጓዴው ዝግተኛ ነው። ሰማያዊው መካከለኛ ነው። ቀዩ ፈጣን ነው። ለሞቃት አገር አረንጓዴው ይስማማል።

ውጪ የሚጫወት ሰው ነፋሱንም መመልከት አለበት። ነፋስ ከኋላችሁ ከሆነ ረጅም ሰርቭ ይወጣባችኋልና ቀስ ብላችሁ ምቱ። ነፋስ ከፊታችሁ ከሆነ ሸትሉ አጥሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ተጋጣሚው ከቅርብ ይመታልና መቆሚያችሁን ጥቂት ወደ ኋላ አድርጉ። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሸትሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ነፋሱ ወደሚገፋበት ወገን ትንሽ ፈቀቅ በሉ። ይህን የውጪ ችግር በመገንዘብ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ነፋስን በተሻለ የሚቋቋም ሸትልና ለውጪ የሚሆን የጨዋታ ዓይነት አስተዋውቋል።

በቆላ የሚጫወት ሰው ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ይጫወት። በየመሐሉም ንጹሕ ውኃ ይጠጣ። ራሱን ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው አቁሞ ጥላ ሥር ይረፍ።

10. ልምምድ

ቦታ አያያዝ ያለ ሸትልም ይለመዳል። በመጀመሪያ መቆሚያዎቹን በአመድ ምልክት አድርጉ። አንዱ የረጅም ሰርቭ መቆሚያ ይሁን፤ ሌላው የአጭር ሰርቭ። ከዚያ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ሰርቭ እንደሚመታ ሰው ቆማችሁ ራኬቱን ወዝውዙ።

ሁለተኛ፣ ተራምዳችሁ መቆሚያው ላይ ቁሙ።

ሦስተኛ፣ ጓደኛችሁ በመረቡ ማዶ ቆሞ እጁን ወደ አንዱ ማዕዘን ይጠቁም። እጁ ሲነሳ ነጠር በሉ።

አራተኛ፣ ወደ ጠቆመው ማዕዘን ሂዱ፤ መሬት ነክታችሁ ወደ መቆሚያው ተመለሱ።

ይህን 10 ጊዜ ከቀኝ፣ 10 ጊዜ ከግራ አድርጉ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ወደ እያንዳንዱ ማዕዘን ስንት እርምጃ እንደፈጀባችሁ ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሩ። የእርምጃው ቁጥር ከቀነሰ ቦታውን እያወቃችሁ ሄዳችኋል ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ስንይዘው እንዲህ ነው። ሸትሉን ከመላካችሁ በፊት የት እንደምትቆሙ እወቁ። ረጅም ከመታችሁ ወደ ኋላ፣ አጭር ከመታችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ሸትሉ ወደሄደበት ጎን ጥቂት ፈቀቅ በሉ። ተጋጣሚው ሲመታ ቆማችሁ ጠብቁ። ይህን ያወቀ አዛውንትም ቢሆን ከወጣት ጋር ተጫውቶ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ወደ ቤቱ ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መቺው 8 ነጥብ፣ ተጋጣሚው 11 ነጥብ ቢኖራቸው መቺው ከየትኛው በኩል ሰርቭ ይመታል? ለምን?

2. ከግራ በኩል ረጅም ሰርቭ የመታ ሰው ከመሐሉ መስመር ወዴት ፈቀቅ ይላል?

3. ከአጭር ሰርቭ በኋላ ወደ ኋላ መሸሽ ምን ጉዳት አለው?

4. ማሽላ ጠባቂና ባድሚንተን ተጫዋች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

5. በሠፈራችሁ ለሜዳ የሚሆን ቦታ የትኛው ነው? ስንጥቁስ እንዴት ይደፈናል?